የትርሲት ብልቃጥ

በዚያ ዘመን የትምህርት ቤት ዘበኛ የሚፈትሸው ቦርሳ ብቻ አልነበረም። ቁጭ ማለት የማይሆንለት ልጅ ሲመጣ፣ ቅብጥብጥነቱን ከጆሮው ጀርባ ቀድቶ በብልቃጥ ያስቀምጥና ማታ ለወላጅ ያስረክባል። ቤት ሲደርሱ መልሶ መቀባት የወላጅ ፈንታ ነው።

ትርሲት ቀኑን ሙሉ እንደ ሐውልት ተቀምጣ መማሩን የቻለችው ማታ እንደሚመለስላት ስለምታውቅ ነበር። ሰሞኑን ግን አባቷ፣ "ዛሬም ብልቃጡን ረስተውታል፤ ነገ ይሰጡናል" ይላታል።

እራት ቀረበ። ድሮ ትርሲት ጉርሻዋን የምትቀበለው እየሮጠች ነበር፤ አንዷን ጎርሳ፣ ቤቱን ዞራ፣ ለሁለተኛዋ አፏን ከፍታ ትመጣለች። አሁን እጇን ሰብስባ ከፊቷ ያለውን ብቻ ትበላለች።

"ጎሽ፣ የኔ ጭምት" አለች እናቷ ደስ ብሏት። "አባትሽም ወጣት ሆኖልኛል። ሶፋ ላይ ሲያንኮራፋ የሚያመሸው ሰውዬ፣ ትናንት ጣራ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ ሲጠግን አመሸ።"

አባቷ የትሪውን ጠርዝ በጣቶቹ ይደልቅ ጀመር። ጉልበቱም ከስር ጠረጴዛውን ጓ አደረገው። ትርሲት ቀና አለች። ያንን ምት ድሮ የፈጠረችው እሷ ናት፤ "ተይ፣ ራሴን አዞርሽው" እያለ የሚቆጣት ደግሞ እሱ ነበር።

"አባዬ፣ እሱ የኔ ነው" አለችው ቀስ ብላ።

እጁ ቆመ፤ ጉልበቱ ግን አልቆመም።

"ለሰሞኑ ብቻ ነው፣ ልጄ። ሥራ በዝቶብኝ እኮ ነው። አንቺስ ዐርፈሽ የለ?"

ትሪውን ገልብጣ፣ በሩን በርግዳ ልትወጣ አማራት። ለመነሳት የሚሆናት ነገር ግን እሱ ጋ ነበር።

"እሺ፣ አባዬ" አለችና ከፊቷ ያለውን መብላት ቀጠለች።