ለተሾመች የተቀዳ ውሃ

ማርዋ ወደ ሸዋ ቤንች የመጣችው ናኖ ሴንሰር ልትሸጥ ነበር። ሴንሰሩ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም። በቡናም፣ በማርም፣ በውሃም ውስጥ ቅንጣት የተባይ መድኃኒት ካገኘ ቀይ ያበራል፤ ካላገኘ አረንጓዴ። ድርጅቷ፣ ቡና ላኪዎች ምርታቸው ከውጭ እንዳይመለስባቸው ሲሉ ይሻሙበታል ብሏት ነበር። ሚዛን ከተማ ላይ ነጋዴዎቹ ሁሉ አደነቁት፤ የገዛ ግን አልነበረም።

ሴንሰሩን አጥብቆ የፈለገው ገበሬው ወልደጻድቅ ብቻ ነበር። እሱም ለቡናው ብሎ አይደለም።

"ሚስቴን እየገደለ ያለውን ሰው ይያዝልኝ" አላት።

ሰውየው ጎረቤቱ ጥበቡ ነው። ጥበቡ ከመንደሩ ምንጭ በላይ ቲማቲም ተክሎ መድኃኒት ይረጫል። ወልደጻድቅ ፈሪና ጠንቃቃ ነውና ርጭቱን ባየ ሰሞን ሚስቱን ተሾመችን ከምንጩ እንዳትጠጣ ከለከላት። ለእሷ ብቻ ጫካ ውስጥ ከዓለት ሥር የሚፈልቅ ውሃ ይቀዳላት ጀመር። ዳገቱ ወገብ ይቆርጣል። እሱ ራሱ ግን ያንኑ የምንጩን ውሃ ይጠጣል፤ "እኔ ምን እሆናለሁ?" እያለ።

ጥንቃቄው አልጠቀመም። ብዙም ሳይቆይ ተሾመች ታመመች። ያስመልሳታል፣ ያልባታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። አሁን ጣሳ እንኳ መያዝ አትችልም።

"ዘግይቼ ነው ያስጣልኳት" ይላል ወልደጻድቅ። "መርዙ ቀድሞኝ ገብቷል።"

መንደሩ አመነው። ዕድሩም ጥበቡን አስወጣው። የጥበቡ እናት ስታርፍ ለቀብር ከቤቱ የወጣ ሰው አልነበረም። ጥበቡና ሚስቱ ብቻቸውን ቆፍረው ቀበሯት።

ዛሬ ውሃው ሊመረመር መንደሩ በሙሉ ምንጩ ዳር ተሰብስቧል። ተሾመችን በቃሬዛ አምጥተው ጥላ ሥር አስቀምጠዋታል።

የዕድሩ ዳኛ አቶ አስረስ ሴንሰሩን አዩና ሳቁ። "ይቺ ናት? እኔ እኮ በጭነት መኪና የሚመጣ መስሎኝ ነበር!"

"አትናቋት አባባ፤ ምንም አያመልጣትም" አለች ማርዋ። ይህን ያህል ሰው ፊት ከሠራ ወሬው ቴፒ ድረስ ይሄዳል፤ ገዢም ይገኛል ብላ አስባለች።

አቶ አስረስ ወደ ጥበቡ ዞሩ። "ቀይ ከበራ መሬትህን ለቀህ ትሄዳለህ።"

"እሄዳለሁ። አረንጓዴ ከበራስ?"

"አፍህን ዝጋ! ባዶ ጄሪካን እንኳ ለሰው የምትነፍግ ንፉግ!" አሉ አቶ አስረስ።

ይህስ እውነት ነው። ጥበቡ መድኃኒቱ ባለቀ ቁጥር ጄሪካኑን በገጀራ ሰነጣጥቆ ይቀብረዋል። ወልደጻድቅ ለውሃ መቅጃ አንዱን ቢለምነው አልሰጠውም።

"እኔ የከለከልኩህ..." ብሎ ጀመረ ጥበቡ። የሰው ጩኸት ዋጠው።

"አንተ ጋ ብቻ ያለ መሰለህ?" አለ ወልደጻድቅ፣ ነጭ ጄሪካኑን ደረቱ ላይ እንዳቀፈ። "ያንተኑ ጄሪካን መሰል ገበያ ሄጄ አገኘሁ! ለተሾመች የሚጠፋ ነገር የለም!"

ሴቶቹ እልል አሉለት።

ማርዋ ሴንሰሩን ከማኅደሩ አወጣች። "መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ መታጠብ አለበት፤ መንገድ ላይ የነካው ነገር እንዳያሳስተን። ንጹሕ ውሃ የያዘ አለ?"

"አካባቢውን ብታስሺ ከዚህ የጠራ አታገኚም፣ ልጄ" አለ ወልደጻድቅ።

የጄሪካኑን ክዳን ተጭኖ አዞረና ሁለት ጣሳ ቀዳ። አንዱን ለማርዋ ሰጣት። ሌላውን ይዞ ተሾመች አጠገብ ተንበረከከ፤ አንገቷን በክንዱ ደግፎ እስከ መጨረሻው አጠጣት።

"አይዞሽ፣ ዛሬ ይለይለታል" አላት።

ሰው ሁሉ ወደ ምንጩ ተጠጋ። ጥበቡም ቆቡን አውልቆ ቆመ።

ማርዋ ከነበረችበት ሳትነቃነቅ ሴንሰሩን ጣሳው ውስጥ ነከረችው።

ቀይ በራ።