ከቤት የጠፋ፣ ከዲስክም ይጥፋ

«ጠፋ! ጆሮ፣ ጠፋብኝ!» ታላቅየው ወንድም ከኮምፒውተሩ ፊት ብድግ ይላል፤ ወንበሩ ወደ ኋላ ይወድቃል።

ታናሹ፣ ከልጅነቱ ሬዲዮ ሥር ተለጥፎ ስለሚውል ቤተሰቡ ሁሉ «ጆሮ» የሚለው ሬዲዮ ጠጋኝ፣ ካቻቢቴውን ያስቀምጣል እንጂ አይቸኩልም። «ምኑ?»

«የሰርጌ ቪዲዮ ነዋ! የድሮ የኳስ ግጥሚያዎቹን ላጠፋ ብዬ ሁሉንም አንድ ላይ ጠረግሁት። ቆሻሻ ቅርጫቱንም ባዶ አደረግሁት።»

ጆሮ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን ሰዓት ያያል። አሥር ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። ውስጡ የሆነ ነገር ቀስ ብሎ ይቀመጥና እግሩን ያነባብራል።

አምና እዚሁ ወንበር ላይ እንዲሁ ሆኖ ነበር። አባታቸው ከማረፋቸው በፊት ጆሮ አልጋቸው አጠገብ እየተቀመጠ የቀዳውን ድምፅ፣ ጸሎታቸውን፣ ጨዋታቸውን፣ ሳላቸውን ሳይቀር፣ ታላቅየው ለኳስ ግጥሚያ ቦታ ሲፈልግ ድምጥማጡን አጠፋው። ሲነገረውም ሳቀ። «አባባ እንደሆኑ ሄደዋል። ሳል ሰብስበህ ምን ልታደርግ ነው?»

ጆሮ ከዚያ ቀን በኋላ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ተማረ። ሥራ ሲያልቅ ተርሚናል የሚሉትን ጥቁር መስኮት ይከፍታል፤ ከኢንተርኔት እየለቃቀመ ስክሪፕት የሚባል የትእዛዝ ዝርዝር ይጽፋል። በአንድ ፎልደር ስም መሃል ያለች ባዶ ቦታ ትእዛዙን ለሁለት እየሰነጠቀች፣ በጥቅስ ምልክት እስኪያስራት ድረስ ፍዳውን አሳየችው። በመጨረሻ ስክሪፕቱ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ብቻውን እየተነሳ፣ የሁለቱንም ወንድማማቾች ፋይል የያዘውን ሆም ዳይሬክተሪ ጠረጴዛው ሥር ወዳለው ዲስክ ይገለብጥ ጀመር። የሚያድነው ነገር ቀርቶት አልነበረም። ቂሙ ሥራ ፈትቶ እንዳይቀመጥ ነው የጻፈው።

ዲስኩ ጠባብ ስለሆነ ግን ትእዛዙ ጫፍ ላይ አንዲት ቃል ጨምሮበታል፤ ከቤት፣ ከኮምፒውተሩ ማለት ነው፣ የጠፋውን ከዲስክም አጥፋ የምትል። የትናንቱ ቅጂ አሁንም ዲስኩ ላይ አለ። አሥር ሰዓት ሲሆን አይኖርም።

«ያ ነገርህ፣ በየቀኑ የሚገለብጠው፣ የኔንም ይዞ ይሆን እንዴ?»

«ይሆናል።»

«ታዲያ እየዋ! ምን ትገተራለህ?»

«ረጋ በል ጋሼ። ቁጭ በል። ውሃ ላምጣልህ?»

«ውሃ ውስጥ ነው እንዴ ፋይሉ ያለው?»

ጆሮ ጓዳ ገብቶ ውሃ ይቀዳል። ቧንቧውን በቀጭኑ ነው የሚከፍተው፤ ብርጭቆው እየተለመነ ይሞላል። እኔ እጄን አላነሳሁም፣ ይላል ለፈጣሪው። ያጠፋው እሱ ራሱ ነው፤ የቀረውን ሰዓቱ ይጨርሰዋል። ይህን ቂም ከልቤ አውጣልኝ እያለ ነው ዓመቱን ሙሉ የጸለየው። ዛሬ ግን ጸሎቱን ለትንሽ ጊዜ ያዝ ያደርጋታል።

ታላቅየው ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይቀበላል።

«ለሰርጉ ብዬ እንዳይመስልህ» ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሙሽሪትም ጥላኝ ሄዳለች፤ ምን ሊረባኝ። መጀመሪያው ላይ አባባ አሉበት። ሲመርቁኝ። አንተ እስከ መጨረሻው አጠገባቸው ነበርክ፣ በጆሮህ ይዘሃቸዋል። እኔ ያለችኝ ያቺ ምርቃት ብቻ ነች።»

ጆሮ «ሲመርቁኝ» ከሚለው ወዲያ ያለውን አልሰማም። ጠረጴዛው ሥር በጉልበቱ ይወድቅና የዲስኩን ገመድ መንጭቆ ይነቅላል። ከላዩ ሰዓቱ አሥር ይላል። ስክሪፕቱ ይነሳል፣ ዲስክ ያጣል፣ ተመልሶ ይተኛል።

«ምነው? አገኘኸው?»

ጆሮ ጉልበቱን እያራገፈ ይነሳል። ወንድሙን ዓይን ዓይኑን ያየዋል። የተከፈቱትን ከንፈሮች፣ እንደ ሕፃን የሚጠብቁትን ዓይኖች፣ ሁሉንም ሳይቸኩል ያያቸዋል።

«የለም ጋሼ። ከዲስኩም ጠፍቷል።»

«ጨርሶ?»

«ጨርሶ። አባባ እንደሆኑ ሄደዋል። ምርቃት ሰብስበህ ምን ልታደርግ ነው?»

ታላቅየው የገዛ ቃሉን ያውቀዋል መሰል፣ ውሃውን ሳይቀምስ ያስቀምጣል። ግድግዳውን ተደግፎ ጫማውን ያጠልቅና ደህና ዋል እንኳ ሳይል ይወጣል።

ጆሮ ገመዱን መልሶ ይሰካል። ማዳመጫውን በአንድ ጆሮው ብቻ አድርጎ ቪዲዮውን ይከፍታል። አይቶት አያውቅም። ይሄው ሳሎን ነው፣ ይሄው ሶፋ። አባታቸው ተቀምጠዋል፤ ታላቅየው በሙሽራ ሱፉ ፊታቸው ተንበርክኳል። መጀመሪያ የሚሰማው ሳላቸው ነው። ጆሮ ድምፁን ከፍ ያደርገዋል።

«ብቻህን ነው እንዴ?» ይላሉ አባቱ። «ታናሽህስ? ጥራው እንጂ። አንዳችሁ ጎድላችሁማ አልመርቅም።»

ሙሽራው ስቆ ይነሳል፤ ከምስሉ ይወጣል። ድምፁ ብቻ ከውጭ ይመጣል፦ «ጆሮ! ኧረ አንተ ጆሮ! ና፣ አባባ ይጠሩሃል!»

ጆሮ ያኔ ግቢ ውስጥ ወንበር እየደረደረ ነበር። ጥሎ ሮጦ እንደመጣ ያስታውሳል።

ባልሸፈነው ጆሮው ታላቅየው ገና አሁን የግቢውን በር ዘግቶ ሲወጣ ይሰማል። ስክሪኑ ላይ ከአባታቸው በቀር ማንም የለም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ በሩን በሩን እያዩ ይጠብቃሉ።