ከኋላ ሆኖ የሚነዳት

የጡት ካንሰር አለበል ቤት መግባቱን የይጁቤ ከተማ የሰማችው ባልና ሚስቱ ከደብረ ማርቆስ ሆስፒታል በተመለሱ ማግስት ነው። ወሬ መቼም ስንቅ አይፈልግ። ጎረቤቱ ሁሉ እያነባ መጣና የኔአለምን ከብቦ፣ "ምነው ተነሣሽ? ተኚ እንጂ!" አላት።

"ሐኪሙ መተኛት አይበጅም ብሏል" አለች የኔአለም። "ዳገት መውጣትና ክንድ ማንሣት ነው ያዘዘው። አካል ሲንቀሳቀስ ነው አሉ መድኃኒቱን የሚችለው።"

ባሏ አለበል ጥግ ይዞ አንገቱን ደፋ።

ከዚያ በኋላ በየማለዳው የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ሲወጡ ይታዩ ጀመር። የኔአለም ከፊት፣ አለበል ዱላውን ይዞ ከኋላ። እሷ ቆም ትላለች፤ እሱ ሲደርስባት እንደገና ይቀጥላሉ። በአገሩ ወግ ደግሞ የታመመ ሰው ይተኛል፣ ይጠየቃል፣ ገንፎ ይጎርሳል እንጂ ዳገት አይወጣም።

"እንደ አህያ ይነዳታል እኮ!" አለች ጎረቤታቸው ሥራነሽ። ሥራነሽ አንድ ቀን በበሩ ሽንቁር አጮልቃ፣ ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ክንዳቸውን ቀስ በቀስ ወደ ላይ ሲሰዱ አይታለች። ይህም እንደ ቅጣት ተወራ። ገበያ ላይ የአለበልን ሰላምታ የሚመልስ ጠፋ። እሱም የሰው ዓይን ይሸሽ ጀመር። አፍሮ ነበር፤ ማፈሩን ደግሞ ሰዉ ለጥፋቱ ምስክር አደረገበት።

ወሬው ደምበጫ ደረሰና የየኔአለምን ታላቅ ወንድም ደመላሽን አስነሥቶ አለበል ቤት አመጣው።

"የታመመች እህቴን ዳገት ለዳገት ትነዳለህ? አንተ ፈጣሪን አትፈራም?"

አለበል ጋቢውን እስከ አገጩ ሳበ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

"ተው ወንድም ዓለም፣ ወድጄ ነው የምወጣው" አለች የኔአለም።

"አንቺ ዝም በይ! ነገ ጠበል አስጠምቄሽ ይዤሽ እሄዳለሁ። ከነገ ጀምሮ እዚህ ቤት አታድሪም።"

አለበል ያን ቀን እህል አልቀመሰም። ሚስቱ ልትሄድበት ነው፤ እሱ ግን ኀፍረት ይዞት አንዲት ቃል መተንፈስ አቃተው።

በነጋታው ሦስቱም ጠበሉ ዘንድ ሲደርሱ አጥማቂው ቄስ ገዳሙ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል።

"የታመመ ይቅደም" አሉ።

ደመላሽ እህቱን ገፋ አደረጋት። የኔአለም ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

አለበል ቀደመ፤ ጋቢውን ጥሎ ሸሚዙን ሲያወልቅ፣ ግራ ጡቱ በነበረበት ረጅም የስፌት ጠባሳ ታየ።