ለሰው የምትበላዋ ሴት

በዚያ ዘመን ቦሌ፣ ሃያኛ ፎቅ ላይ ባለው ላውንጅ ሀብታም አይበላም፤ ይበላለታል። ስንዱ ታላምጣለች፣ ጣዕሙ ደግሞ አንገታቸው ላይ በተሰካ ቀጭን ሽቦ አልፎ በደንበኛው ምላስ ላይ ያርፋል። ቦርጩ የእሷ፣ ጣዕሙ የእሱ። ለእሷ ክትፎውም ካርቶኑም አንድ ነው። ቤቷ ሽሮ ስትሠራ እንኳ ጨው የምትቀምስላት ጎረቤቷ ናት።

አንድ ቀን ከፊቷ ከእጮኛው ጋር የተቀመጠው ደንበኛ የቀድሞ ባሏ ታምራት ነበር። ስንዱ ምላሷን ያከራየችው እሱን ለማስተማር ነው። እሱ ግን በተመረቀ በወሩ «ወጥ ማጣፈጥ የማትችል ሴት ምን ላድርጋት?» ብሎ ሽማግሌዎች ፊት ፈታት።

«በይ ጥሩ አድርገሽ ብዪልኝ፤ ሙያሽን እዚህ አገኘሽው!» አላት እየሳቀ።

«እሺ ጌታዬ።»

ሚጥሚጣውን እንዳለ ክትፎው ላይ ገለበጠችና በእጇ ጠቅልላ ጎረሰች። እሷ ምንም አልተሰማትም። የታምራት ዓይን ግን ፈጠጠ፣ እንባው ከረቫቱ ላይ ወረደ።

«አስተናጋጅ! ይሄን ነገር ንቀልልኝ!»

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ያዘዙት ሳያልቅ አይቋረጥም። ሲገቡ ፈርመዋል።»

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለች ስንዱ፣ ሁለተኛውን እየጠቀለለች።

እጮኛው ግራ ተጋባች። «ታምሬ፣ ይሄን ያህል ጣፈጠህ እንዴ?»

ታምራት የውሃውን ብርጭቆ አንስቶ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠ።

«ስንት ዓይነት ነው ያዘዙት?» ስትል ስንዱ አስተናጋጁን ጠየቀችው።

«ሰባት።»

«እንግዲያው ሚጥሚጣ ጨምርልኝ» አለችና፣ እንደ ጨዋ ልጅ አፏን ዘግታ፣ ቀስ ብላ ታላምጥ ጀመር።