ውሃ ልክ የማያውቀው አናጢ

«እዚህ ጋ ጎንበስ ማለት ነው» አለ አስጎብኚው፤ ጎብኚዎቹም እየሳቁ ጎነበሱ። የበሩ እጀታ ከጉልበት በታች ነበር። አሮጊቷ አልሳቀችም። አባቷ ያንን እጀታ ሲመታ የሜትሩን ጫፍ ይዛለት የቆመችው እሷ ናት።

ቤቱ የአባቷ የእጅ ሥራ ነው። አሁን የፊተኛውን ክፍል በየማዕዘኑ እንደ እንጉዳይ የሚበቅለው የቡና መሸጫ ይዞታል፤ ሃያ ሦስተኛ ቅርንጫፉ ነው። የውስጠኞቹን ክፍሎች በነጻ ያስጎበኛል፤ ጎብኝቶ የወጣ ሰው ቡና ሳይገዛ አይሄድማ። በስኒዎቹ ላይ ሁሉ «የእብዱ አናጢ ቤት» የሚል ታትሟል። የቅርንጫፎቹ ተቆጣጣሪ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ቤቱን ለድርጅቱ ያከራየውም እሱ።

እህትና ወንድም ገና ከበር ሲገቡ ተነታርከዋል። የትም ቅርንጫፍ ብትገቢ ያው ወንበር፣ ያው ስኒ፣ ያው ጣዕም ነው፤ ሰው የሚያገኘውን አውቆ ይገባል፤ ሽንት ቤቱም ንጹህ ነው አላት። እሷ ደግሞ የሄዱበት ሁሉ ያው ከሆነ ከቤት መውጣቱ ምን ይሠራል፣ ያቺ የጥንቷ የሰፈራችን ቡና ሻጭ እኮ ስኳር የምትጨምርልኝ ፊቴን አይታ ነበር አለችው። ሚስቱ መሃል ገብታ በሁለቱም ሳቀችባቸው። ደግ ሴት ናት፤ አፏ ላይ ግን መዝጊያ የለም።

አስጎብኚው በግድግዳው ላይ የተመታውን የመደገፊያ እንጨት እያሳየ ነበር። እንጨቱ ወጥ ቤት ውስጥ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ይጀምርና ሳሎኑን አቋርጦ መኝታ ቤት ሲደርስ ወገብ ላይ ይወጣል።

«ውሃ ልክ የማያውቅ አናጢ ነበር» አለ። «ወለሉ ላይ በሆዱ እየተሳበ ቤቱን ሲለካ ጎረቤት በመስኮት አየው። እብዱ አናጢ የተባለው ያኔ ነው።»

መሳቡስ እውነት ነው። ወንድሟ እስከ ዘጠኝ ዓመቱ እግሩ አልጠናለትም ነበር። አባትየው እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ከልጁ ጎን በሆዱ ተኝቶ፣ አብሮት እየተሳበ ትንሿ እጅ እስከ የት እንደምትደርስ ምልክት አደረገ። የቤቱን እጀታ ሁሉ ወደዚያ አወረደው። መደገፊያውንም ልጁ ቀና ባለ ቁጥር ጣት በጣት ከፍ እያደረገ ቀጠለው። ልጁ መኝታ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ በሁለት እግሩ ቆሞ ነበር። ይኸው ዛሬ ሱፉን ለብሶ፣ ትንሽ እያነከሰ፣ ከጎብኚው ጋር ይስቃል።

ይህን ወሬ እንዲያስቆምላት ሦስት ጊዜ ደውላ ለምናዋለች። ሦስቴም እሺ ብሏታል። ዛሬ የመጣችው እውነቱን በሰው ፊት ራሷ ልትናገር ነው። አባቷ በእብድ ስም ከተቀበረ አርባ ዓመት አልፎታል፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉት እዚህ ቤት አልሠራም።

ወንድሟን ከሰዎቹ ነጠል አድርጋ ያዘችውና ይህንን ተረት ለአስጎብኚው ማን እንደነገረው ጠየቀችው።

«እኔ ነኝ» አላት።

እጇን ከእጁ ስትነጥቅ መልሶ ያዛት፤ ዓይኑ ሚስቱ ላይ ነበር።

«እትዬ፣ በናትሽ። የማነክሰው ኳስ ስጫወት ተሰብሬ ነው ያልኳት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ።»

«እና አባትህ ይበድ?»

«እሱ ሞቷል። የሞተ ሰው ምን ይጎዳዋል?»

በጥፊ ልትለው ምንም አልቀራትም። ግን ግንባሩ በላብ ርሷል፣ ከንፈሩም ደርቋል፤ የሰፈር ልጆች «እባቡ መጣ» እያሉ ሲጮሁበት ከበሩ ኋላ ተደብቆ የነበረው ፊቱ ነው። ያኔ መጥረጊያ ይዛ እስከ መንገዱ ጫፍ ያባረረቻቸው እሷ ነበረች። አንጀቷ አረረ፤ ለሱ ይሁን በሱ ራሷም አልለየችውም።

ይህን ጊዜ ሚስቱ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ የአናጢው ትልቋ ልጅ እዚህ እያለች ምን ሌላ ወሬ ያስፈልጋችኋል፣ እሷን አትጠይቋትም ወይ አለች። ሰው ሁሉ ዞረ። አስጎብኚው እንደ መደንገጥ ብሎ እጁን አጣመረ።

«ይቅርታ እማማ፣ አላወቅኩም። እውነት እንደሚባለው ነበሩ?»

እንዴት እንደምትጀምር መንገድ ላይ ስታሰላስል ነው የመጣችው። በሆዱ የተሳበው ለልጁ ሲል ነው ልትል ነበር። ወንድሟ ጫማውን እያየ ነው። ሚስቱ ፈገግ ብላ ትጠብቃለች።

«አዎ» አለች። «እብድ ነበር።»

ጎብኚዎቹ ሳቁ፤ አንዱ እንደውም አጨበጨበ። አስጎብኚው ፈጥኖ የጎብኚዎችን መዝገብ አመጣና ይህችኑ ቃል በእጇ እንድትጽፍለት፣ ከሥሩም ሙሉ ስሟን እንድታኖር ለመናት። የልጅን ምስክርነት የሚያክል የለም አላት። ቃሉን ጻፈች። ከሥሩ ስሟን ጻፈች። ከስሟ ቀጥሎ የሚመጣው የአባቷ ስም ነው፤ እስክሪብቶው እዚያ ላይ ቆመ።

ወንድሟ በትከሻዋ ላይ ጎንበስ ብሎ አየ።

«ጨርሺው እንጂ እትዬ» አላት ቀስ ብሎ፣ «ሰው እየጠበቀ ነው።»

አንድም ፊደል ሳትገድፍ የአባቷን ስም ጻፈች።