ለቀበሮ የማትሆን ጥይት

ለገሠ ስልኩን ያናገረው ከመኪናው ወርዶ ነው። ሀቢሶ ከመሪው ኋላ ሆኖ ያየው ጀርባውን ብቻ ነበር። ተመልሶ ሲገባ ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም፤ ከሎክዳውኑ ወዲህ እዚያ ፊት ላይ ምንም ነገር ታይቶ አያውቅም።

«ጀርሚስተን ውሰደኝ» አለው። «ጥይት እገዛለሁ።»

ሀቢሶ ነዳ። ጆሃንስበርግ ዳር፣ ዛንድስፕሩት ውስጥ ስፓዛ የሚሏት ትንሽ ሱቅ አለችው፤ ከሰፈሩ ወጣ ብሎ ባለው የለገሠ የበግ እርሻ ደግሞ አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። የሆሳዕና ልጅ ነው፣ ጴንጤ ነው፣ ጠመንጃ ይፈራል። ለገሠ በዕድሜ ስለሚበልጠው ጋሼ ይለዋል።

የጥይት ሱቁ በኮሮና ተዘግቶ ሰንብቶ ገና መከፈቱ ነው። ሻጩ ማስኩን አገጩ ሥር ያንጠለጠለ ነጭ ሽማግሌ ነው፤ ለገሠን ያውቀዋል። ፈቃዱን አየና እንደ ወትሮው ለቀበሮ የሚሆነውን አወጣለት፦ እርሳሱ ወፍራም የሆነ ጥይት፣ ከአፈሙዙ ጫፍ ከምትገጠም ጠባብ ቾክ ጋር። ቾኳ ስትጠብ እርሳሱ ሳይበተን ርቆ ይሄዳል፤ ቀበሮ ደግሞ አታስጠጋም። ይህን ሁሉ ሳይጠየቅ ለሀቢሶም አስረዳው፤ ሰውየው ማስረዳት ይወዳል።

ለገሠ አልፈለገም። ደቃቁን እርሳስና ሰፊውን ቾክ ስጠኝ አለ።

ሻጩ ሳቀ። ይህ የወፍ ነው፤ በዚህ ቀበሮ ለመግደል መጀመሪያ ሳሎንህ ድረስ ጋብዘህ ማስገባት አለብህ አለው። ለገሠ አልሳቀም። ከአጥሩ ማዶ ያለ ሰው ይጎዳ እንደሆነ ብቻ ጠየቀ። እንደ አሸዋ ነው የሚወርደው፣ ማንንም አይነካም ተባለ። ድምፁስ? ድምፁ ያው ነው። አንድ ትንሽ ፓኮ ገዝቶ ወጣ።

መንገድ ላይ አምሃ ጋ ደወለ። ሀቢሶ ደንግጦ መሪው ከእጁ ሊያመልጥ ነበር።

አምሃና ለገሠ የአንድ መንደር ልጆች ናቸው፤ ጎጃም። ጠመንጃ መያዝ ሁለቱንም ያስተማሯቸው የለገሠ አባት ናቸው። ጆሃንስበርግም አብረው መጡ፣ በጎቹንም አብረው ገዙ። በሚያዝያ፣ አገሩ ሁሉ በተቆለፈበት ሰሞን፣ አምሃ በጥበቃ ተራው የበረቱን በር ሳይዘጋ ተኛ። ቀበሮዎች ገብተው ግልገሎቹን ፈጇቸው። ለገሠ አልጮኸም። ሁለተኛ እንዳላይህ ብቻ አለው። አምሃ ጓዙን ጠቅልሎ ከተማው ውስጥ ትሮይቪል ሰፈር ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም።

«ነገ እኩለ ቀን ላይ ና» አለው ለገሠ። «ብቻህን ና፤ ሰው እንዳታስከትል።»

ሰላምታም ምክንያትም ሳይጨምር ዘጋው። ሀቢሶ የሳሎኑን ቀልድ አስታወሰ።

ማታ ለገሠ አጥሩ ጋ ሄዶ ጎረቤቱን አናገረው። ነገ ቀን ላይ ተኩስ ትሰማ ይሆናል፣ ቀበሮ ነው፣ አትደንግጥ አለው። ሀቢሶ ቆሞ ይሰማል። በጠራራ ፀሐይ የምን ቀበሮ? ከዚያ ለገሠ ቁጭ ብሎ ጠመንጃውን በዘይት ወለወለ፣ ሰፊዋን ቾክ ገጠመለት፣ ጥይቱን ትራሱ ሥር አደረገ።

«ጋሼ፣ ደህና ነህ ግን?» አለው ሀቢሶ።

«ደህና ነኝ። ምንም አይሰማኝም። ነገ ወደ ሱቅህ ሂድ።»

ሀቢሶ ፖሊስ እንዳይጠራ የመኖሪያ ፈቃዱ ጊዜው አልፎበታል፤ የሚያድሰው ቢሮም ዝግ ነው። በረቱ ኋላ ተደብቆ አምሃ ጋ ደወለ። ጥይቱን፣ ቾኳን፣ ለጎረቤቱ የተነገረውን፣ ሁሉንም ዘረገፈለት። እባክህ እንዳትመጣ ብሎ ለመነው።

«ጠርቶኛል አይደል?» አለ አምሃ። «ቢገድለኝም እመጣለሁ። ከሚያዝያ ጀምሮ ስጠብቀው የነበረ ስልክ ነው።»

በማግስቱ ቅዳሜ ሀቢሶ ሱቅ አልሄደም። ውኃ ታንከሩ ጀርባ ተቀመጠ። ፀሐይ ብትወጣም የሰኔ ብርድ እግሩን አደንዝዞታል። ለገሠ ጠመንጃውን ይዞ ወጣ። ከጃኬቱ ላይ ነጠላ ደርቧል፤ ጥለቱ አንገቱ ዘንድ ሆኗል። ቸኩሎ ገልብጦ ለብሶታል አለ ሀቢሶ በልቡ። ለገሠ ስልኩን ግቢው ዳር ባለ የውኃ በርሜል ላይ በጡብ አስደግፎ ፊቱን ወደ ግቢው አዞረው። ሊቀርጸው ነው!

አምሃ መጣ። ብቻውን ነው። ከገባ በኋላ በሩን መልሶ ዘጋው፣ መቀርቀሪያውን ሳብ አድርጎ አየ፣ ደግሞ ሳብ አድርጎ አየ። ከዚያ ግቢው መሐል ሄዶ እጆቹን አንጠልጥሎ ቆመ። ለገሠ ጠመንጃውን ከመጋጠሚያው አጥፎ ጥይት አጎረሰና መልሶ ዘጋው።

ሀቢሶ እንዴት እንደሮጠ አያውቅም። አምሃ ፊት ለፊት ቆሞ ክንዶቹን ዘረጋ።

«ጋሼ፣ በጌታ ይዤሃለሁ፣ ተወው።»

ለገሠ አየው። አልተቆጣም፣ አልደነገጠም፤ ሀቢሶ መኖሩንም የረሳ ይመስላል። በዚህ መሐል በርሜሉ ላይ ያለው ስልክ ጮኸ፤ ለገሠ ጠጋ ብሎ ከፈተው፤ የታናሽ ወንድሙ ድምፅ ከጎጃም መጣ።

«ለገሠ፣ የአባባ አስከሬን ከቤት እየወጣ ነው፤ በል እዚያው ሆነህ ተኩስላቸው።»