የጋሽ ጥላዬ ድል

ጋሽ ጥላዬ የስኳር በሽታቸውን ድል ነሥተዋል። እንደ እሳት ሲለበልባቸው የኖረው እግራቸው ጸጥ ካለ ወዲህ መድኃኒቱንም ሐኪሙንም አሰናብተዋል። «ነርቭዎ ሞቷል ይለኛል፤ እኔ ስድን እሱ ለነርቬ ልቅሶ ተቀመጠ» እያሉ በየደረሱበት ይሳለቃሉ።

ዛሬ ቅዳሴው አልቆ ዞር ሲሉ ግን ደማቸው ፈላ። ስንት ደጅ ጠንተው ባስገዙት የቤተ ክርስቲያኑ አዲስ ምንጣፍ ላይ የደም ዱካ ታትሟል።

«ምን ዓይነት በድን ነው፣ እግሩ ሲደማ የማይሰማው?» ብለው ምእመኑን ሁሉ ገላመጡ። ጥፋተኛውን ሊያጋልጡ ዱካውን ወደ ኋላ እየተከተሉ እስከ በሩ ሄዱ። የሚጀምረው እዚያ ከወለቁት ጫማዎች ከአንዱ ሥር ነው። ጎንበስ ብለው አነሡት። ሚስማር ሶሉን በስቶ ወደ ውስጥ ብቅ ብሏል።

ጠዋት ባለቤታቸው የወለወሉላቸው ጫማ ነው።